ይህ ማጅራት የማን ነው?

አቻኦ፣ ደቡብ ቺሌ። ዝናብ ጎረቤት ነው፣
ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ሳይሰናበት የሚወጣው።
በዚያ ዝናብ መሀል፣ ጃንጥላ ዘርግተን፣
ካሜራ ከያሪትሳ አጎት፣ ከሠርግ ቀራጩ ተውሰን፣
ሃያ ሁለት ደቂቃ ፊልም ሠራን።
ማይክራፎኑ ታስሮ በመጥረጊያ እንጨት፣
ተሸካሚው እኔ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ፣ ሙሉ ክረምት።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንዲት ልጅ አለች፣
የመጨረሻዋ ጀልባ ሁልጊዜ ታመልጣታለች።
ለምን እንደምታመልጣት
ያሪትሳን ብንጠይቃት፣
"እኔም ገና አልገባኝ" አለች።

የመጀመሪያውን ማስታወቂያ መምህር ኤሊሴዮ ጻፈው፦
"ውድ ወጣቶች ሆይ፣ እሴት ያለው የጥበብ ሥራ…"
እሴት የምትል ቃል ካለችበት ስፍራ
የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አይደርስም፤ እኔም አልደርስ ነበር፣
ፊልሙ የኔ ባይሆን። እውነቱ ይነገር።

አርብ ወንበር ደርድረን ዘጠኝ ሰው መጣልን።
ሰባቱ መምህራን፣
አንዷ የአጎትየው ሚስት፣
አንዱ ቁልፍ የያዘ፣ በሩን ሊዘጋ የቸኮለ ዘበኛ።
ኳስ አለ በጂሙ፣ ስልክ አለ እጃቸው ላይ፤
እኩያችን ማን ይምጣ የኛን ጀልባ ሊያይ?

ሃይሮ ነው ያገኘው፣ ምስል ሲቆራርጥ ያደረው፦
የወደቡ ትዕይንት፣ የተማሪው ሰልፍ፣
ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶን ባሕር ባሕሩን ሲያይ።
"እነዚህ እኮ የኛ ክፍል ልጆች ናቸው" አለ፣
"ረስተውታል እንጂ፤ ለአንድ ዳቦ ነው የቆሙልን።"
ከዚያ ዝም አለና፦
"ፊቱንማ እያንዳንዱ ቀን ሙሉ ያየዋል፣
ያነሳል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ያነሳዋል፤
ማጅራቱን ግን ማን አይቶት ያውቃል?"

አርባ ማጅራት አተምን። ቀለም አለቀብን፣
የመጨረሻዎቹ አሥሩ ሐምራዊ ወጡብን።
በሽንት ቤቱ በር፣ በዳቦ ቤቱ መስኮት፣
በሳልመን ፋብሪካው አጥር፣ በአውቶቡስ መቆሚያው፣
ስም የለ፣ ርእስ የለ፣ ፊልም የሚል ቃል የለ፤
ከሥር አንድ መስመር፦
ይህ ማጅራት የማን ነው? አርብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።

ሰኞ ሳቅ ነበረ፣ ማክሰኞ ክርክር፤
ረቡዕ ልጅ ሁሉ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ
በጓደኛው ስልክ ፎቶ ይነሳ ጀመር፣
ከግድግዳው ጋራ ሊያስተያይ፣
ማርያም የሳመቻትን ነጥብ ሊቆጥር።
"ያ ጠባሳ የኔ ነው!" ትላለች ዳያኔት፤
"የኔ ነው!" ይላል ሌላው፣ ኮሌታውን ገልጦ፤
ትናንት በሻርፕ የሸፈኑትን
ዛሬ ይሻሙበታል፣ አደባባይ ወጥቶ።

መምህር ኤሊሴዮ ተቆጣ።
"ይህ ጥበብ አይደለም፤ ወጥመድ ነው" አለ።
አልዋሸም፣ ወጥመድ ነው።
ግን የአብዛኞቻችን አባት መረብ ጥሎ ያሳደገን ነን፤
ወጥመድ እኛ ሰፈር ስድብ አይደለም።

ሃይሮ ሌላም መከረ፦ "የወደቡን ትዕይንት መጨረሻ እናድርገው፤
ማጅራቱን ካየ ማን ይቀመጣል?"
ያሪትሳ እምቢ አለች። "ቦታው አራተኛው ደቂቃ ነው።
መውጣት የፈለገ ይወጣል።"

አርብ። ወንበር አለቀ፤ መስኮት ደፍ ላይ ተቀመጡ።
ቺፕስ ይንኮሻኮሻል፣ ሊያፌዙ ነው የመጡ።
አራተኛው ደቂቃ፦ ፉጨት፣ ጩኸት፣ ጣት መቀሰር፣
"እኔ ነኝ! ተመልከቱ!" አዳራሹ ሊፈርስ ነበር።
ከዚያ ጀልባዋ ሄደች። ልጅቱ ዘግይታ ደረሰች።
ትንፋሼን ይዤ በሩን አየሁ።
አራት ልጆች ወጡ።
አምስተኛው ተነሳ፣ ጃኬቱን አስተካክሎ
ተመልሶ ቁጭ አለ።

ለምን እንደቀሩ እስከዛሬ አላውቅም።
ከኋላ ቆመን እኛ ፊልሙን አላየንም፤
ያየነው ማጅራት ነው፣ በጨለማው ውስጥ፣
ጠርዙ በብርሃን የተቀባ፣ ስድሳ የሚሆን፣
ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ።
ዳያኔት እጇን ጠባሳዋ ላይ ጭና ረስታዋለች።
ያሪትሳ ካሜራዋን አላነሳችም።
"ድምፁን ቅዳ" ብቻ አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

የመጥረጊያውን እንጨት ከራሳቸው በላይ ዘረጋሁ።
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።
አንድ ሰው ቀስ ብሎ አፍንጫውን ሳበ፤
ማን እንደሆነ
ከኋላ ሲታይ አይለይም።